ስለ አይፒ አድራሻ አሰጣጥ፤ በቤት ዋይፋይ ላይ አድራሻ ሲታጣ ጕድለቱን መርምሮ ስለ ማግኘት

ባንድ ቤት ውስጥ ዋይፋይ ተዘርግቶ ሳለ አንዱ ስልክ ሲሠራ ሌላው እንቢ ያለ እንደ ሆነ፥ የቤቱ ሰው አስቀድሞ የሚወቅሰው ስልኩን ነው፤ ቀጥሎ ሣጥኑን ነው፤ በመጨረሻም መሥመሩን የሰጠውን መሥሪያ ቤት ነው። በዚህም ምክንያት ደኅና ስልክ ወደ ጠጋኝ ይላካል፥ ደኅና ሣጥን ይጣላል፥ ገንዘብም በከንቱ ይወጣል። ነገር ግን ከነዚህ ከሦስቱ አንዱም ሳይበላሽ፥ ጕድለቱ በቍጥር አሰጣጥ ላይ ብቻ የሆነበት ጊዜ ብዙ ነው። ያ ቍጥር ደግሞ በየስልኩ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል፤ ማንበብ ለሚያውቅ ሰውም ነገሩ ከወዴት እንደ ተሰናከለ ይመሰክርለታል። በዚህ ትምህርት የሚገለጸው ይህን ቍጥር አይቶ መፍረድ ነው።

በመረብ ላይ ያለ ማናቸውም መሣሪያ፥ ስልክ ቢሆን፥ ኮምፒዩተር ቢሆን፥ ቴሌቪዥንም ቢሆን፥ የተላከለት መልእክት እንዲደርሰው አድራሻ ያስፈልገዋል። ይህም አይፒ አድራሻ ይባላል። በየቤቱ በብዛት የሚሠራበት ዐይነት ደንቡ የወጣው በፈረንጆች አቈጣጠር በ1981 ዓ.ም. ሲሆን፥ አራት ክፍል ሆኖ በነጥብ ተለይቶ የሚጻፍ ቍጥር ነው፤ እያንዳንዱም ክፍል ከ0 እስከ 255 ይደርሳል። ጠቅላላው ቢሰላ 4,294,967,296 አድራሻ ይሆናል። ይህ ቍጥር ለሚሰማው ሰው ማለቂያ የሌለው ይመስላል፤ ሆኖም ለዓለሙ ሁሉ መሣሪያ አልበቃም፤ ለየክፍለ ዓለሙ የሚታደለው የመጨረሻው ክምችት በ2011 ዓ.ም. በፈረንጆች የካቲት ወር አለቀ።

ይህ እንደሚመጣ አስቀድሞ የታወቀ ስለ ነበረ፥ ለቤትና ለመሥሪያ ቤት የውስጥ አገልግሎት ብቻ የሚውሉ ቍጥሮች ተለይተው ተከለሉ፤ ዛሬም የሚሠራበት ደንባቸው በ1996 ዓ.ም. ወጥቷል። እነርሱም በ10 የሚጀምሩት ሁሉ፥ ከ172.16 እስከ 172.31 ያሉት፥ በ192.168 የሚጀምሩትም ናቸው። በቤት ውስጥ ዘወትር የሚታየው ይህ የመጨረሻው ነው። ስለዚህ በጐንደር ባንድ ቤት ውስጥ 192.168.1.104 የተባለ ስልክ አለ ቢባል፥ በሐዋሳም በሌላ አገርም በዚሁ ቍጥር የሚጠራ ስልክ ይገኛል፤ እርስ በርሳቸውም አይጣሉም። በየቤቱ «ታላቁ ልጅ» ተብሎ የሚጠራ አለ፤ በየግቢው ውስጥ ብቻ ስለሚጠራ ግን ማንም በስሙ አይሳሳትም። እንዲሁም ይህ ቍጥር ከግቢ ወደ ውጭ አይወጣም።

እንግዲህ ይህን ቍጥር ለየመሣሪያው የሚያድለው ማን ነው? በትልቅ ግብር ላይ የተገኘ ሰው ነገሩን በቶሎ ያስተውለዋል። እንግዳ ከበር ሲገባ ወዳሻው ስፍራ ሄዶ አይቀመጥም፤ አጋፋሪው ተቀብሎ፥ ማዕርጉን አይቶ፥ ባዶውን ስፍራ ተመልክቶ ያስቀምጠዋል። በቤት ዋይፋይም አጋፋሪ አለ፤ እርሱም ራውተር በሚባለው ሣጥን ውስጥ ሆኖ ይሠራል፤ የሥራውም ደንብ ዲ ኤች ሲ ፒ ይባላል። ልዩነቱ ይህ አጋፋሪ ማዕርግ አለማየቱ ነው፤ ለደጃዝማች ስልክም ለእረኛ ስልክም ያገኘውን ባዶ ቍጥር ይሰጣል። ይህ ደንብ ከመውጣቱ በፊት በብዙ ስፍራ ቍጥሩን በየኮምፒዩተሩ እየዞረ በእጁ የሚጽፍ ሰው ያስፈልግ ነበር። በ1985 ዓ.ም. ቡትፒ የተባለ ጅምር ደንብ ወጣ፤ ራልፍ ድሮምስ የተባለ አሜሪካዊ መምህር ያዘጋጀው ዲ ኤች ሲ ፒ ደግሞ በ1993 ዓ.ም. ተከተለ፤ በ1997 ዓ.ም. ታርሞ የወጣው የዛሬው አሠራር መሠረት ነው።

አሰጣጡ በአራት ቃል ይፈጸማል። አዲስ የገባ ስልክ አጋፋሪው ማን እንደ ሆነ ስለማያውቅ፥ በመጀመሪያ ለቤቱ ሁሉ ጮኾ «አድራሻ የሚሰጠኝ ማን ነው?» ይላል። አጋፋሪው «ይህን ቍጥር ልስጥህ» ብሎ ይመልሳል። ስልኩም «እርሱን ስጠኝ» ይላል። በመጨረሻም አጋፋሪው «ሰጥቼሃለሁ፥ ይህን ያህል ጊዜ ያዝ» ብሎ ያጸናለታል። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው ዐይን ተከድኖ እስኪገለጥ ባለ ጊዜ ነው፤ ከአራቱ ቃል አንዱ ቢጠፋ ግን ነገሩ አይጸናም። መምህሩ ለተማሪዎቹ ለማስረዳት ቢፈልግ፥ አንዱን ልጅ አጋፋሪ አድርጎ ሌሎቹን ከበር እያስገባ ይህንኑ ንግግር ቢያናግራቸው፥ ሰሌዳ ላይ ከሚጽፈው ይልቅ ይገባቸዋል። ኋላም ሁለተኛ አጋፋሪ በድብቅ ቢያስነሣ ሁከቱን ራሳቸው ያዩታል።

ደግሞ ሊታወቅ የሚገባው፥ ቍጥሩ የሚሰጠው በኪራይ እንጂ በርስት አለመሆኑን ነው። ኪራዩ የአንድ ሰዓት፥ የአንድ ቀን ወይም የሳምንት ሊሆን ይችላል። የኪራዩ ጊዜ እኩሌታው ሲደርስ ስልኩ «ይታደስልኝ» ብሎ የሰጠውን አጋፋሪ ይጠይቃል፤ መልስ ያጣ እንደ ሆነ ከስምንት እጅ ሰባቱ ካለፈ በኋላ ማናቸውንም አጋፋሪ ይለምናል፤ ጊዜው ፈጽሞ ሲያልቅ ቍጥሩን መልቀቅ ግድ ይሆንበታል። ከቍጥሩ ጋራ አጋፋሪው ሌላም ነገር ይነግረዋል፤ ይኸውም ወደ ውጭ የሚወጣበትን በር፥ ጌትዌይ የሚባለውን፥ ደግሞም ዲ ኤን ኤስ የሚባለውን፥ ስሞችን ወደ ቍጥር የሚተረጕመውን ነው። የበሩ ቍጥር ብዙውን ጊዜ የሣጥኑ የራሱ ቍጥር ነው፤ ለምሳሌ 192.168.1.1።

ችግር ሲመጣ መርማሪው አስቀድሞ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ የተሰናከለው አንድ መሣሪያ ነውን ወይስ ሁሉም? ሁሉም ከሆነ ነገሩ ከሣጥኑ ወይም ከውጭው መሥመር ነው፤ አንዱ ብቻ ከሆነ ግን በዚያው ስልክና በአጋፋሪው መካከል ነው። ቀጥሎ ቍጥሩን ያንብብ። በስልክ ላይ ሴቲንግ የሚለው ተከፍቶ፥ ዋይፋይ የሚለው ተመርጦ፥ የመረቡ ስም ሲነካ አይፒ አድራሻና ጌትዌይ ተጽፈው ይታያሉ። በዊንዶውስ ኮምፒዩተር ደግሞ በትእዛዝ መጻፊያው መስኮት አይፒኮንፊግ የምትባለው ትእዛዝ ይህንኑ ታሳያለች። ከሚሠራው ስልክና ከማይሠራው ስልክ ሁለቱንም ቍጥር በወረቀት ላይ ጎን ለጎን መጻፍ ይገባል፤ በቃል ለመያዝ የሚሞክር ሰው 1ን በ0 ይለውጣል፤ ከዚህ በታች በሚነገረው ነገር ደግሞ ፍርዱ ሁሉ የሚያርፈው በዚህ በ1ና በ0 ልዩነት ላይ ነው።

ቍጥሩ በ169.254 የሚጀምር ሆኖ የተገኘ እንደ ሆነ፥ ይህ ከአጋፋሪው የተሰጠ አይደለም። መሣሪያው ጮኾ ጠርቶ መልስ ሲያጣ፥ ከደጅ ቆሞ ከመቅረት ለራሱ ያወጣው ቍጥር ነው። ዊንዶውስ ይህን ማድረግ የጀመረው በ1998 ዓ.ም. ነው፤ ለሁሉም የሚሆነው ደንብ በ2005 ዓ.ም. ወጣ። እንዲህ ያለ ቍጥር የያዘ መሣሪያ በሩ ወዴት እንደ ሆነ አያውቅምና ወደ ኢንተርኔት ሊወጣ አይችልም። ብዙ ስልኮች ግን ይህን ቍጥር አያሳዩም፤ «አይፒ አድራሻ በማግኘት ላይ» የሚል ቃል እያሳዩ ቆይተው ይተዉታል። ሁለቱም ምልክት የሚሉት አንድ ነው፤ ጥሪው መልስ አላገኘም።

መልስ የታጣበትም ምክንያት ብዙ ነው። አንዱ ርቀት ነው። የዋይፋዩ ስም በስልኩ ላይ ስለ ታየ ብቻ መሥመሩ ደኅና ነው ማለት አይደለም፤ የጭቃ ግድግዳ፥ ቆርቆሮም፥ ንግግሩን ያደክማል፤ ከአራቱ ቃል አንዱ በመንገድ ይጠፋል። ስለዚህ ማንኛውንም ነገር ከመነካካት በፊት ስልኩን ከሣጥኑ አጠገብ አምጥቶ መሞከር ይገባል። በቅርብ የሚሠራ ከሆነ ምርመራው አለቀ፤ የሚያስፈልገው ሣጥኑን ከቤቱ መካከል ከፍ ባለ ስፍራ ማኖር ነው። በቅርብም እንቢ ካለ፥ ወይ አጋፋሪው ከሥራው ታግዷል፥ ወይ ሣጥኑ ደንዝዟል፥ ወይም የሚሰጠው ቍጥር አልቆበታል።

ቍጥር አለቀ የተባለው በሰፊው ሊነገር ይገባል፤ በዘመናችን እየበዛ የመጣ ነውና። ሣጥኑ የሚያድለው ቍጥር ገደብ አለው፤ ለምሳሌ ከ192.168.1.100 እስከ 192.168.1.199 ተብሎ ቢወሰን መቶ ብቻ ነው፤ አንዳንዱም ሣጥን ከዚህ በታች ተወስኖ ይገኛል። ለአምስት ሰው ቤት መቶ ቍጥር ምን ያንሰዋል? ይባል ይሆናል። ነገር ግን ሰርግ ወይም ልቅሶ የመጣ ቀን የእንግዳው ሁሉ ስልክ ገብቶ ቍጥር ይወስዳል፤ ኪራዩ የሳምንት ከሆነ እንግዳው ሄዶም ቍጥሩ እስከ ሳምንት ተይዞ ይቀራል። በዚህ ላይ ሌላ ነገር ተጨመረ። እያንዳንዱ መሣሪያ በፋብሪካ የተሰጠው ማክ አድራሻ የሚባል መታወቂያ አለው፤ አጋፋሪውም እንግዶቹን የሚለየው በእርሱ ነው። የሰው መንገድና ልማድ በዚህ መታወቂያ እንዳይታወቅ ተብሎ፥ አንድሮይድ በ2019 ዓ.ም. ከወጣው ከ10ኛው፥ አይፎንም በ2020 ዓ.ም. ከወጣው ከ14ኛው አሠራሩ ጀምሮ፥ ስልኩ እውነተኛውን መታወቂያ ትቶ ለየመረቡ ሌላ ሌላ እያወጣ ያሳያል፤ አንዳንዱም በየጊዜው ይለውጠዋል። ስለዚህ አንዱ ስልክ በአጋፋሪው መዝገብ ላይ እንደ ሁለት ሦስት እንግዳ ተጽፎ ሊገኝ ይችላል። ነገሩ ለሰው ምስጢር መጠበቂያ መልካም ነው፤ ለቍጥሩ ግን ሸክም ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። በሣጥኑ ገጽ ውስጥ ገብቶ የሚታደለውን ቍጥር ማስፋት፥ የኪራዩንም ጊዜ ወደ ጥቂት ሰዓት ማሳጠር ይበቃል። ወደ ገጹ የሚገባው በቤቱ ዋይፋይ ላይ ካለ መሣሪያ የበሩን ቍጥር በኢንተርኔት ማያው ላይ በመጻፍ ነው፤ የመግቢያው ስምና የይለፍ ቃል ብዙውን ጊዜ ከሣጥኑ ሥር ተለጥፎ ይገኛል። ይህን የይለፍ ቃል ሳይለውጡ መተው ግን በርን ከፍቶ እንደ መተኛት ነው።

ሌላው የብልሽት ዐይነት ሁለት መሣሪያ ባንድ ቍጥር መጠራት ነው። ዊንዶውስ የአድራሻ ግጭት መኖሩን ገልጦ ይናገራል፤ ሌሎቹ ግን ዝም ብለው አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል። ይህ የሚመጣው አንድ ሰው ለማተሚያ ወይም ለካሜራ አጋፋሪውን ሳይጠይቅ በእጁ ቍጥር ጽፎ እንደ ሆነ ነው። በግብር ቤት ሳይጠራ ገብቶ የተቀመጠ እንግዳ ማለት ነው፤ አጋፋሪው ስፍራው በመዝገቡ ላይ ባዶ ስለ ሆነ ለሌላ ይሰጠዋል። በእጅ የሚጻፍ ቍጥር ቢያስፈልግ፥ ከሚታደለው ውጭ ካለው፥ ለምሳሌ 192.168.1.20ን፥ መምረጥ ይገባል። ከዚህም የሚሻለው በሣጥኑ ገጽ ላይ ለዚያ መሣሪያ ቍጥሩን አስይዞ መተው ነው።

ይኸው ግጭት የማንም ጥፋት ሳይኖርበት ከመብራት መጥፋት የተነሣ ይመጣል። ብዙ የቤት ሣጥኖች መዝገባቸውን የሚይዙት መብራት ሲጠፋ በሚጠፋ ማኅደር ላይ ነው። መብራት ሄዶ በተመለሰ ጊዜ አጋፋሪው ለማን ምን እንደ ሰጠ ረስቶ ይነሣል። በዚያ ሰዓት በባትሪ የሚሠራ ኮምፒዩተር በሌላ ማከፋፈያ በኩል በገመድ ተያይዞ ከሆነ፥ የሣጥኑን መሞትና መነሣት ላያውቅ ይችላልና ቀድሞ የተሰጠውን ቍጥር እንደ ያዘ ይቀጥላል፤ የረሳው አጋፋሪ ደግሞ ያንኑ ቍጥር ለሌላ ይሰጣል። አንዳንዱ ሣጥን ከመስጠቱ በፊት «በዚህ ስፍራ ሰው አለን?» ብሎ ይጠይቃል፤ አንዳንዱ አይጠይቅም። መብራት በሚመላለስበት አገር «ስልኩ ትናንት ደኅና ነበረ፥ ዛሬ ምን ነካው?» የሚያሰኘው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። መድኃኒቱም ግጭቱ በታየበት መሣሪያ ላይ ዋይፋዩን ዘግቶ መክፈት፥ በገመድ ለተያያዘውም ገመዱን ነቅሎ መመለስ ነው፤ ያን ጊዜ ሁሉም እንደ ገና ከአጋፋሪው ፊት ይቀርባሉ።

ከሁሉ ይልቅ ሰውን የሚያደክመው ግን ባንድ ግቢ ሁለት አጋፋሪ መኖሩ ነው። ስለዚህ ነገሩን በምሳሌ መመልከት ይጠቅማል።

አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ከፊት ባለው ትልቅ ቤት ይኖራሉ፤ ከኋላ ባለው ቤት ልጃቸው ይኖራል እንበል። የፊቱ ሣጥን ኃይል ለኋላው ቤት ስላልደረሰ፥ ልጅየው ሌላ ሣጥን ገዝቶ ከፊተኛው በገመድ አያያዘው፤ እንዳይቸግርም ብሎ ለሁለቱም አንድ ስምና አንድ የይለፍ ቃል ሰጣቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የመምህሩ ባለቤት ማታ ማታ በዐረብ አገር ካለች ልጃቸው ጋራ መነጋገር አቃታቸው። ዋይፋዩ ተያይዟል ይላል፤ የልጅቱ ድምፅ ግን አይመጣም። ቀን ሲሞክሩት አንዳንድ ጊዜ ይሠራል። ስልኩ አርጅቷል ተብሎ አዲስ ተገዛ፤ አዲሱም እንዲሁ ሆነ። እናት ልጄ ታማ ይሆን እያሉ እንቅልፍ አጡ፤ በዚያም ወገን ልጅቱ እናቴ ምን ነካት ትላለች።

በሰንበት ሊጠይቃቸው የመጣ አንድ የቀድሞ ተማሪያቸው፥ እርሱም አስተማሪ የሆነ፥ ነገሩን ሰምቶ «የኔታ፥ ስልኩን ለጠጋኝ አይስጡት፤ አስቀድመው ቍጥሩን ያሳዩኝ» አለ። እርሳቸውም «ምን ቍጥር አለውና ነው ልጄ? የስልኩን ቍጥር ከሆነ አንተም ታውቀዋለህ» አሉት። እርሱም የመምህሩን ስልክና የባለቤታቸውን ስልክ ጎን ለጎን አድርጎ በወረቀት ጻፈ። የመምህሩ 192.168.1.104፥ በሩም 192.168.1.1 ነው። የባለቤታቸው 192.168.0.103፥ በሩም 192.168.0.1 ነው። በሦስተኛው ክፍል ላይ አንዱ 1 ሌላው 0 መሆኑን አሳያቸው። «የኔታ፥ እመቤቴን ያስቀመጣቸው አጋፋሪ ሌላ ነው፤ ያሳያቸውም በር ወደ ጓሮ እንጂ ወደ መንገድ አይወጣም» አለ።

የሆነውም ይህ ነበር። የኋላው ሣጥን ከፋብሪካ ሲመጣ አጋፋሪ ነኝ ብሎ እንዲሠራ ተደርጎ ነበር። ልጅየው ገመዱን የሰካው ከሣጥኑ ከውስጥ ቀዳዳዎች ባንዱ ስለ ነበረ፥ ሁለቱ ሣጥኖች አንድ መረብ ሆኑ፤ ባንድ መረብ ላይም ሁለት አጋፋሪ ቆመ። ስልክ ሲጠራ ሁለቱም ይመልሳሉ፤ ስልኩም አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የደረሰውን ይቀበላል። እመቤቲቱ ማታ ነፋስ ለመቀበል ከኋላው ቤት በረንዳ ይቀመጡ ስለ ነበረ፥ አስቀድሞ የሚደርሳቸው የቅርቡ ነው። እርሱ ደግሞ «በሩ እኔ ነኝ» ይላል እንጂ የውጭ መሥመር የለውም። ቀን ወደ ፊት ቤት ሲመለሱ የፊተኛው ሣጥን የቀደመ እንደ ሆነ ይሠራል፤ የኋለኛው የቀደመ እንደ ሆነ አይሠራም። መልሱ እንደ ዕጣ ስለሚወጣ፥ ማንም ሰው በስልኩ ላይ ቢፈርድ አይደንቅም።

አስተካካዩም የኋላውን ሣጥን ገመድ ነቅሎ፥ ባንድ ኮምፒዩተር ብቻ ካያያዘው በኋላ ወደ ገጹ ገባ። አስቀድሞ የሣጥኑን የራሱን ቍጥር 192.168.1.2 አደረገው፤ ይህም ፊተኛው ሣጥን ከሚያድለው ከ100 እስከ 199 ካለው ውጭ ስለ ሆነ ከማንም ጋራ አይጋጭም። ቍጥሩ ሲለወጥ ገጹ ይዘጋልና በአዲሱ ቍጥር እንደ ገና ገባ፤ ዲ ኤች ሲ ፒ የሚለውንም አጠፋው። ከዚያ ገመዱን ወደ ቀድሞው የውስጥ ቀዳዳ መለሰ። ከዚህ በኋላም የእመቤቲቱ ስልክ ለጊዜው አልሠራም፤ አሮጌውን ቍጥር እንደ ያዘ ነበርና። ዋይፋዩን ዘግቶ በከፈተው ጊዜ 192.168.1.107 የሚል አዲስ ቍጥር ተቀበለ። ሣጥኑ ከአጋፋሪነቱ ተሽሮ ሞገድ የሚያስተላልፍ ብቻ ሆነ። አዲሱን ቍጥር በወረቀት ጽፎ ከሣጥኑ ሥር ለጠፈው፤ ይህን የማያደርግ ሰው ከዓመት በኋላ ወደ ገጹ መግቢያ አጥቶ ይቸገራል።

ልጅየው ገመዱን ከውጭው መሥመር ቀዳዳ ቢሰካው ኖሮ ነገሩ ሌላ መልክ ይኖረው ነበር። ያን ጊዜ የኋላው ቤት ራሱን የቻለ ግቢ ይሆናል፤ ሁለት አጋፋሪ ቢኖርም በየግቢያቸው ናቸውና አይጣሉም። ሁለቱ ሣጥኖች 192.168.1 የሚለውን አንዱኑ ቍጥር የሚያድሉ ከሆነ ግን፥ የኋለኛው ሣጥን ውስጡንና ውጭውን መለየት ይሳነዋል፤ ስለዚህ ያንዱን መለወጥ ግድ ነው።

ቍጥሩ ትክክል ሆኖ፥ በሩም ትክክል ሆኖ ኢንተርኔቱ ያልመጣ እንደ ሆነ፥ አጋፋሪው ሥራውን ፈጽሟልና እርሱን መንቀፍ አይገባም። መርማሪው ወደ ሣጥኑ ገጽ ገብቶ፥ ሣጥኑ ራሱ ከውጭ የተቀበለውን ቍጥር ይመልከት፤ ሣጥኑም ለውጭው ሰው እንግዳ ነውና። በዚያ ስፍራ 0.0.0.0 ወይም ባዶ ከተጻፈ፥ ጕድለቱ ከቤት ውጭ ነውና መሥመሩን ለሰጠው መሥሪያ ቤት መንገር ነው። ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው የሚጀምር ቍጥር ከታየ ግን አያስደንግጥ፤ መሥሪያ ቤቶች አንዱን የውጭ ቍጥር ለብዙ ቤት እንዲያካፍሉበት በ2012 ዓ.ም. የተከለለ ነው። የውጩ ቍጥር ደኅና ሆኖ ገጾች በስማቸው ሲጠሩ ብቻ እንቢ ካሉ፥ የታመመው ተርጓሚው ዲ ኤን ኤስ ነው። ደግሞም በስልኩ ላይ የላቲን ፊደል የተቀላቀለበት ረዥም አድራሻ ይታያል፤ ይህ የቍጥሩን እጥረት ለመሸፈን በ1995 ዓ.ም. ደንቡ በመጀመሪያ የታተመው አዲሱ ዐይነት ነው። ከእርሱ ኤፍ ኢ 80 ብሎ የሚጀምረው መሣሪያው ሁልጊዜ ለራሱ የሚያወጣው ስለ ሆነ፥ በደኅናውም ቀን አለ፤ እንደ 169.254 የብልሽት ምልክት አይደለም።

በመጨረሻ ስለ አንድ ጥንቃቄ መናገር ያስፈልጋል። ሣጥኑን አጥፍቶ ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ማብራት አንድ ነገር ነው፤ ከኋላው ባለችው ጠባብ ቀዳዳ መርፌ አስገብቶ መጫን ግን ፈጽሞ ሌላ ነው። የመጀመሪያው ሣጥኑን ከድንዛዜው ያነቃዋል፤ ብዙ ጊዜም ይበቃል። ሁለተኛው ግን በውስጡ የተጻፈውን ሁሉ ደምስሶ ከፋብሪካ እንደ ወጣ ያደርገዋል፤ መሥሪያ ቤቱ የሰጠው የመሥመር መግቢያ ስምና የይለፍ ቃልም አብሮ ይጠፋል። ከከተማ በራቀ ስፍራ ይህን የሠራ ሰው ባለሙያ እስኪመጣለት ድረስ ብዙ ቀን ያለ መሥመር ይቀመጣል። ስለዚህ መግቢያው በወረቀት ተጽፎ በእጅ ካልተያዘ በቀር ቀዳዳዋ አትነካ።

መምህሩ ትምህርቱን ከፈጸመ በኋላ ተማሪዎቹን እንዲህ ብሎ ይጠይቃቸው። አንድ ኮምፒዩተር 169.254.30.8 የሚል ቍጥር ቢያሳይ፥ ከሣጥኑ አጠገብ ሲመጣ ግን 192.168.1.115 ቢሆን ጕድለቱ ምን ነበረ? ሣጥኑ ከ192.168.1.50 እስከ 192.168.1.69 ያለውን ብቻ የሚያድል ቢሆን ስንት እንግዳ ያስተናግዳል? ማተሚያ 192.168.1.60 ተብሎ በእጅ ቢጻፍለት ምን ይመጣል? በሁለት ስልኮች ላይ ጌትዌዩ የተለያየ ሆኖ ቢገኝ በግቢው ውስጥ ምን መፈለግ ይገባል? በሁለተኛው ጥያቄ ላይ አንዳንድ ልጅ አሥራ ዘጠኝ ይላል፤ መልሱ ሃያ ነው፤ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ቍጥር ይታደላልና።